የአዳማ ውሃ ስንት ላይ ይፈላል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም

የላብራቶሪው ቁልፍ ዛሬ ተገኘ። ጠፍቶ አልነበረም፤ ንብረት ክፍሉ «ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋ ነው»፣ ምክትሉ «ንብረት ክፍል ነው» ሲባባሉ ከርመው ነው። በሩ ሲከፈት ግማሹን ቤት የተሰበረ ዴስክ ሞልቶታል። ግድግዳው ላይ የፕላዝማው ብረት ማቀፊያ ከነአቧራው ተንጠልጥሏል፤ ቴሌቪዥኑ ግን የለም። ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ በ1997 ዓ.ም ገደማ፣ እኔ ተማሪ ነበርኩ። ሙከራውን ሁሉ የሚሠራልን ስክሪኑ ውስጥ ያለው ሰው ነበር። 10ኛን የተፈተንኩት ቴስት ቲዩብ በእጄ ሳልይዝ ነው።

ከዴስኮቹ ጀርባ ያገኘነው ዕቃ ከጠበቅነው ይበልጣል። በላስቲክ የተሸፈኑ ማይክሮስኮፖች፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ቴስት ቲዩብ፣ የአልኮል መብራቶች፣ ቴርሞሜትሮች፣ ስማቸው የተላጠ የኬሚካል ጠርሙሶች። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የላብ ቴክኒሺያን ጠርሙሶቹን በማሽተት እለያቸዋለሁ አሉ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ጠርሙሶቹን ሣጥን ውስጥ አስቆለፍኳቸው።

ለሳይንስ ክበቡ የመጀመሪያ ሥራ ከዚህ የቀለለ የለም ብዬ ውሃ ማፍላትን መረጥኩ። አምስት ቡድን ሆኑ፤ በየደቂቃው ቴርሞሜትሩን ያነባሉ፣ ግራፍ ይሠራሉ። ውሃው ተንተከተከ። ቴርሞሜትሩ 95 አካባቢ ደረሰና ቆመ። ሌላ አምስት ደቂቃ ቢቆዩም ከዚያ አላለፈም።

ወረቀታቸውን ስሰበስብ አራቱ ቡድኖች 100 ብለው ጽፈዋል። አምስተኛው 95 ብሎ ከጻፈ በኋላ በላጲስ አጥፍቶ በላዩ 100 ጽፎበታል፤ የላጲሱ ምልክት ይታያል። «100ን በዓይኑ ያየ እጁን ያውጣ» አልኩ። ማንም አላወጣም። አንዱ ከኋላ፣ «ቲቸር፣ ቴርሞሜትሩ ስለሚያሳስት አስተካክለነው ነው» አለኝ።

ማታ ይህን ስጽፍ አሁንም አልተናደድኩባቸውም። ልጆቹ መዋሸታቸው አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተጠየቁት መጽሐፉ ያለውን ነው፤ ዓይናቸውና መጽሐፉ ሲለያዩ ጥፋተኛው ዓይናቸው እንደሆነ ተምረዋል። ላብራቶሪውን መክፈት ይህን እንደማይፈታው ዛሬ ገባኝ። ዕቃው ቢሟላም እንኳ የሚያዩትን የማይጽፉ ከሆነ ትርፉ የጋዝና የአልኮል ወጪ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

«ቴርሞሜትሩ ያሳስታል» ያለውን ልጅ፣ እንዴት እናረጋግጥ ብዬ ጠየቅኩት። አሰበና «በረዶ ውስጥ እንክተተው» አለ። ከጁስ ቤት በላስቲክ በረዶ ገዝተን መጣን። በረዶው እየቀለጠ ሳለ ሁሉም ቴርሞሜትሮች 0 ላይ ወይም ጥቂት ፈቀቅ ብለው ቆሙ። ዕቃው ደህና ነው። ልጁ አፈረ፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የወደድኩት የእሱን ጥርጣሬ ነው። ዕቃን መጠርጠር መልካም ነው፤ ጥርጣሬው ሳይፈተሽ ቁጥር እንዲቀይር መፍቀዱ ነው ክፉው።

ከዚያ ወደ አየር ግፊት ገባን። አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ የሚጫነን አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 83 በመቶ ብቻ ነው። በላዩ ያለው ጫና ሲቀንስ ውሃ ቀድሞ ይፈላል፤ በ300 ሜትር ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ሂሳቡን ሠሩት፣ 94.6 ወጣ። ክፍሉ ውስጥ የተሰማው ድምፅ ኳስ ሜዳ ላይ ጎል ሲገባ የሚሰማው ዓይነት ነበር።

አንዲት ከአሰላ የመጣች ልጅ እናቷ ባቄላ ሲቀቅሉ አዳማ እህታቸው ቤት ቶሎ እንደሚበስል ሁሌ ያነሳሉ አለች። እንጨቱ ይለያል ይሉ ነበር። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ 92 አካባቢ ነው የሚፈላባት። መተሐራ ወርደን ብናፈላ ወደ 97 እናገኝ ነበር። ባቄላው የሚበስለው በሙቀቱ እንጂ በመንተክተኩ አይደለም።

ለመጽሐፉም ልፍረድለት። መጽሐፉ የሚለው «በባሕር ጠለል ግፊት» ነው። እኛ መምህራን ስናስጽፍ፣ ተማሪው ሲያጠና፣ ፈተና አውጪው ሲያሳጥር ያቺ ሐረግ ትወድቃለች። የሚቀረው 100 ብቻውን ነው፤ በዚህ አገር ደግሞ ባሕር ጠለል ላይ የሚኖር ሰው ብዙ አይደለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ዛሬ ኬሚስትሪ። ከገበያ ቀይ ጥቅል ጎመን አስገዛሁ፤ ከትፈው ቀቀሉት፣ ሐምራዊ ውሃ ወጣው። ሎሚ ሲጨመርበት ቀይ፣ አቼቶ ሲጨመርበት ቀይ፣ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት አረንጓዴ ሆነ። አንዱ ልጅ አጎቱ ለከብት የሚያልሱትን ቦሌ በወረቀት ጠቅልሎ አምጥቷል። በጥብጠው ሲጨምሩበት አረንጓዴው ወደ ቢጫ አዘነበለ። ከብቶቹ ሲልሱት የኖሩት አፈር ቤዝ እንደሆነ በጎመን ውሃ አወቅን።

ከላንጋኖ በሃይላንድ የተቀዳ ውሃም ቀርቦ ነበር። ችግሩ ላንጋኖ ራሱ ቡናማ ነው፤ ቀለም በቀለም ላይ ሲገባ ማንበብ አይቻልም። አሳድረን አጠለልነው፣ ትንሽ ጠራ፣ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ የሚያደላ ነገር አየን። አንዱ ቡድን «በእርግጠኝነት ቤዝ» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ቤዝ ይመስለናል፣ ውሃው ግን ደፍርሶ ነበር» አለ። ለሁለተኛው ሁለት ነጥብ ጨመርኩ፤ የመጀመሪያዎቹ አኩርፈዋል። አቢጃታን ብናገኝ ኖሮ ክርክር አይኖርም ነበር፤ ሶዳው ከዚያ ሐይቅ ሲመረት ኖሯል።

በረኪና ላይ ሲደርሱ ደግሞ ቀለሙ ቢጫ ሆኖ ጭራሽ ጠፋ። አንዱ ወዲያው «እንመልሰው» ብሎ ሎሚ ሊጨምቅበት ሲል እጁን ያዝኩት። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ መስኮቶቻችን ደግሞ ግማሾቹ አይከፈቱም። የቀረውን ጊዜ ስለዚህ ስናወራ ጨረስነው። ቤት ውስጥ መጸዳጃ ሲያጥቡ ሁለቱን የሚቀላቅሉ እናቶች እንዳሉ ከአንድ በላይ ልጅ ነገረኝ።

አንድ ነገር ደግሞ። ሲሠሩ በኦሮምኛና በአማርኛ እየተቀባበሉ ነው የሚከራከሩት፤ ክርክሩ ስል ነው፣ ሳቅ አለበት፣ «ለምን» ይበዛበታል። ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ያ ሁሉ ነገር ሦስት መስመር ይሆናል። ከዛሬ ጀምሮ የመጀመሪያውን ጽሑፍ በፈለጉት ቋንቋ እንዲጽፉ ፈቅጃለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 5

ከገና በኋላ የተገናኘነው ዛሬ ነው። ማንም ስለ በዓሉ አላወራም፤ ወሬው ሁሉ ታኅሣሥ 26 ሌሊት ስለተሰማው መንቀጥቀጥ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ከፈንታሌና ከዶፈን በኩል ሲነሳ ከከረመው ሁሉ ያን ሌሊት የመጣው በለጠ፤ 5.7 ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ላይ ቤት ፈርሷል፣ ሕዝብ ተፈናቅሏል፤ ከክበቡ ልጆች አንዱ መተሐራ ያሉ ዘመዶቹ እነሱ ቤት ገብተዋል።

ልጆቹ ያላቸው ጥያቄ የፊዚክስ አይደለም፤ «አዳማ ትሰምጣለች ወይ?» ነው። ቲክቶክ ላይ አይተዋል። ከፈንታሌና ከዶፈን ሥር ቅልጥ አለት ስንጥቅ እየከፈተ እየገባ እንደሆነ፣ ስምጥ ሸለቆው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ እየሰፋ እንደሚሄድ፣ ያ ማለት ደግሞ በሰው ዕድሜ ከአንድ ክንድ እንደማይበልጥ ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ ተረጋጉ። አንዳንዶቹ ግን «እና ለምን ተንቀጠቀጠ?» አሉ፤ ልክ ናቸው፣ አማካይ ቁጥር የተኛን ሰው ከአልጋው አይጥልም።

ከዚያ የማዕበሎቹን ነገር አነሳሁ። መንቀጥቀጥ ሲነሳ ሁለት ዓይነት ማዕበል ይላካል፤ ፈጣኑ ቀድሞ ይደርሳል፣ የሚያወዛውዘው ዘግይቶ ይከተላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰከንድ በ8 ብታባዛው መነሻው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ በግምት ይነግርሃል። አብዛኞቹ ተኝተው ስለነበር ምንም አላስታወሱም። አንዲት ስታጠና ያደረች ልጅ ግን መጀመሪያ ብርጭቆዎቹ እንደተንጫጩ፣ ከዚያ ቆይቶ አልጋው እንደተወዛወዘ ተናገረች። «ስንት ቆይቶ?» «አቡነ ዘበሰማያት ጀምሬ እኩሌታው ላይ ደርሼ ነበር።»

እናስለካው ተባለ። ልጅቷ ቆማ ደገመች፤ ሰዓት የያዘላት ከመስጂድ ቁርኣን ቤት የማይቀረው ጓደኛዋ ነው። ቀስ ብላ ስትደግም 15 ሰከንድ፣ «አይ ያኔ ፈርቼ ነበር» ብላ ስታፈጥነው 11። 88 እና 120 ኪሎ ሜትር። በካርታ ስንለካው ከአዳማ እስከዚያ ድረስ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። እስከ ዛሬ የትኛውም ማይክሮስኮፕ ይህን ያህል አላገለገለንም።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ከመቂ የመጣች አንዲት ተማሪ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ጥርሷ በልዟል፤ ወንድሞቿም እንደዚያው። በኛ አካባቢ ይህ ለማንም አዲስ አይደለም። በወንጂ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአጠቃላይ በስምጥ ሸለቆው ወለል የጉድጓድ ውሃ በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ አልፎ ሲመጣ ፍሎራይድ ይዞ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነን ውሃ ሕፃናት ጥርሳቸው ገና ሲሠራ ከጠጡት ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፣ ለረጅም ዘመን ብዙ ከተጠጣ ደግሞ አጥንት ያጎብጣል።

ልጅቷ ራሷ ናት ጥያቄውን ያመጣችው። «ቲቸር፣ አፍልተን ነው የምንጠጣው፤ ታዲያ ለምን?» ክፍሉ ሁሉ ማፍላት ሁሉን ነገር ያጠራል ብሎ ያምናል። የጨው ውሃ አፍልተን እስከ ታች አደረቅነው፤ ነጩ ነገር ድስቱ ውስጥ ቀረ። ፍሎራይድም እንደዚያው ነው፤ ተህዋሲያን ይሞታሉ፣ እሱ ግን ውሃው ሲቀንስ ጭራሽ ይጠነክራል። ሞጆ ላይ የከብት አጥንት አክስለው ማጣሪያ ሲሠሩ እንደነበር ነገርኳቸው፤ የከሰለው አጥንት ፍሎራይዱን ይይዘዋል።

«ታዲያ የቤታችንን እንለካው» አሉ። እዚህ ላይ ቆምን። ፍሎራይድ በጎመን ውሃ አይለካም። ለዚሁ የተሠራ ኤሌክትሮድ ወይም የቀለም መለኪያ መሣሪያና ትክክለኛ ሪኤጀንት ያስፈልገዋል፤ እኛ ጋ የለም።

በየሥልጠናው የምንሰማው «ከአካባቢ በሚገኝ ቁሳቁስ» የሚለው ነገር ዛሬ አስመረረኝ። በደርግ ጊዜም የየአውራጃው ፔዳጎጂካል ሴንተር ከቆርቆሮና ከእንጨት መርጃ መሣሪያ ይሠራ ነበር፤ መልካም ሥራ ነው። እኔም ጎመንና ሃይላንድ ይዤ ነው ዓመቱን እየገፋሁ ያለሁት። ግን ቃሉ ከበጀት ኮሚቴ አፍ ሲወጣ ትርጉሙ «እናንተው ተወጡት» ነው። ልጅቷን በእጅጉ የሚመለከታት አንድ ጥያቄ በአካባቢ ቁሳቁስ አይመለስም። በገንዘብ የሚገዛ መለኪያ ያስፈልገዋል፣ በየዓመቱ የሚተካ ሪኤጀንት ያስፈልገዋል።

ቢሾፍቱ ፎቃ የሚባለው የስቴም ማዕከል አለ፤ እዚሁ ከተማችን ያለው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሩን ከፍቷል። ሄደው የመጡ ልጆች ዓይናቸው ተከፍቶ ነው የሚመለሱት። ነገር ግን ወደ ማዕከል የሚሄደው የተመረጠው፣ ውጤቱ ያማረው ነው። ይህቺ ልጅ ክፍሏ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች መካከል ነው የተቀመጠችው።

ናሙናውን በሦስት ንጹሕ ጠርሙስ ቀድታ እንድታመጣ ነገርኳት። መለኪያ ያለው ሰው እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ወደ ነፋስ ተርባይኖቹ ሄድን። ረመዳን ስለሆነ ፀሐይ ሳይጠና፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በሁለት ሚኒባስ። ግቢ ውስጥ አልገባንም፤ ከመንገድ ዳር ሆኖ ማየት ይበቃል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ 34 ተርባይኖች አሉት፣ 51 ሜጋ ዋት። ሁለተኛው 102 ተርባይኖች፣ 153 ሜጋ ዋት። ልጆቹ አካፍለው ሁለቱም ጋ አንድ ተርባይን 1.5 እንደሆነ ራሳቸው አወጡ። ጥያቄው «ዝግ ብሎ ነው የሚዞረው፣ እንዴት ይህን ሁሉ መብራት ይሰጣል?» ነበር። አንዱን ክንፍ መርጠው ለአንድ ደቂቃ ቆጠሩ፣ 14 ዙር። የአንደኛው ምዕራፍ ተርባይን ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ዲያሜትሩ 77 ሜትር ነው። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሠሩት፦ የክንፉ ጫፍ በሰዓት ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይበራል። በፈጣን መንገዱ ላይ ከሚከንፉት መኪኖች ሁሉ ይቀድማል። ሦስቱ አላምን ብለው ደግመው ቆጠሩ፤ ያው ሆነ።

ነፋሱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ እንደሚሆን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ። አቧራው ይበቃናል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3

ለዚህ ቀን ከወር በፊት ጀምሮ ተዘጋጅተናል። አዳማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለቴ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ አንዱ ዛሬ ነው፣ ሌላው ነሐሴ 25 አካባቢ።

ብዙ መማሪያ መጽሐፍ ከምድር ወገብ ሰሜን ላለ ሰው የቀትር ጥላው ወደ ሰሜን ነው ይላል። ለአውሮጳ ልጅ ልክ ነው። ለእኛ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ድረስ የቀትር ጥላችን ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው። ይህን አዳማ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ በየዓመቱ ይረግጠዋል፤ ክበቡ ውስጥ ግን የሚያውቅ አንድም አልነበረም። የሥራ ባልደረቦቼንም ጠይቄ ነበር።

በጣም ደስ ያለኝ ፀሐይ በስምጥ ሸለቆው መንገድ ላይ የምታደርገው ጉዞ ነው። አናት ላይ የምትሆንበት ቀን ሐዋሳ መጋቢት 29፣ ሻሸመኔ መጋቢት 30፣ ባቱና መቂ ሚያዝያ 2፣ አዳማ ሚያዝያ 3፣ ቢሾፍቱ ሚያዝያ 4፣ አዲስ አበባ ሚያዝያ 5። እንደ አገር አቋራጭ አውቶቡስ በየከተማው እየቆመች ትወጣለች። ልጆቹ ሰንጠረዡን ሠርተው ቴሌግራም ላይ ለየዘመዶቻቸው ላኩት፤ ከመቂ አንዲት አክስት ትናንት የውሃ ታንከራቸውን ጥላ ፎቶ አንስታ ልካለች፣ ሥሩ ላይ ተሰብስቧል።

ሻሸመኔ የሚያስተምር የኮሌጅ ጓደኛዬ ከተማሪዎቹ ጋር በዛሬው ቀን እዚያ ሊለካ ተስማምቶ ነበር። ሐሳቡ የጥንቱ የእስክንድርያው ኤራቶስቴንስ ነው፤ በሁለት ከተማ ያለውን የጥላ ልዩነት ወስዶ የመሬትን ዙሪያ ማስላት። እሱ ግመል ጎታቾች የለኩትን መንገድ ይዞ ነው ይባላል፤ እኛ የስልክ ካርታ ይዘን።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። አዳማ ላይ ትክክለኛው ቀትር 6 ሰዓት አይደለም፤ ከምሥራቅ አፍሪካ የሰዓት መስመር ወደ ምዕራብ ስለሆንን 6፡24 ነው። ዓርብ 6፡24 ደግሞ የጁምዓ ሰዓት ነው። የክበቡ ሙስሊም ልጆች ጠዋት መጥተው ሁሉን ነገር አሰናድተው ሄዱ፦ 2 ሜትር ፌሮ በቱምቢ አቆሙት፣ ሥሩን በሲሚንቶ አጠበቁት፣ የሰሜኑን መስመር በኖራ አሰመሩ። «ቲቸር፣ ፎቶውን ወዲያው ላኩልን» ብለው ነው የወጡት። ስለ ቱምቢው የሚያውቀው አንዱ ነው፤ ክረምት ክረምት ከአባቱ ጋር ግንበኛ ነው። እሱ ባይኖር ፌሮው ዘሞ ነበር።

ፌሮው ጫፍ ላይ ቀዳዳ ያለው ካርቶን አሰርን፤ ምክንያቱም የፀሐይ ጥላ ጫፉ ድብዝዝ ነው፣ የት እንደሚያልቅ አይለይም። ቀዳዳው ግን መሬት ላይ ክብ ብርሃን ይጥላል፣ መሃሉን መለካት ይቻላል። አንዷ ልጅ ያ ክብ የቀዳዳው ቅርፅ ነው ብላ ካርቶኑን በሦስት ማዕዘን ቀደደችው። መሬት ላይ ያረፈው አሁንም ክብ ነበር። የፀሐይዋ ምስል ነው። ይህ በዕቅዳችን አልነበረም፤ ሩብ ሰዓት በላብን፣ ግን ማንም አልተጸጸተም።

6፡24 ሲሆን ክቡ ብርሃን ፌሮው ሥር ገባ። የቆሙት ልጆች ሁሉ ጥላቸው ጫማቸው ሥር ሆነ። ዘበኛው መጡ፣ አዩ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ደግመው አዩ።

ከሦስት ደቂቃ በኋላ ሻሸመኔ ደወሉ፤ እነሱ ወደ ምዕራብ ስለሚያዘነብሉ ቀትራቸው 6፡27 ነው። በ2 ሜትር እንጨት 4.5 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ደቡብ። 1.29 ዲግሪ ማለት ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሰሜን ደቡብ ርቀት 148 ኪሎ ሜትር፤ የመኪናው መንገድ ከዚህ ይረዝማል፣ እሱን ያስገባ አንድ ቡድን መሬትን አሳብጧታል። በ148 የተሠራው ሒሳብ 41,300 ኪሎ ሜትር ሰጠን። ትክክለኛው 40,000 ገደማ ነው።

«ተሳሳትን» አለ አንዱ። በስንት በመቶ ብዬ ጠየቅኩ። ሦስት ነጥብ ምናምን። «ስህተቱ ከየት መጣ?» እዚህ ላይ ነው ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩት ነገር የሆነው። ማንም 40,000 ብሎ አልጻፈም። የክቡ መሃል፣ የሻሸመኔ እንጨት ቀጥ ማለቱ፣ የእኛ 0 በእርግጥ 0 መሆኑ፣ ሁሉንም እየጠቀሱ ሲጨቃጨቁ ደወል ተደወለ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ፌሮው አለ። ጥላው በ2 ሜትር ወደ 3.5 ሴንቲ ሜትር ሆኗል፣ ወደ ደቡብ። አንዱ ልጅ በየቀኑ በኖራ ምልክት ያደርግበታል፤ ማንም አላዘዘውም።

ከመቂ የመጣው ውሃ ተለክቶ መጣ። ከ1.5 በላይ ነው፤ ብዙ በላይ። ወረቀቱን ለልጅቷ ሰጠኋት፣ አባቷ ወደ ቀበሌ ይዘውት ሄደዋል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

የዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና አዘጋጅቼ ለዲፓርትመንት ኃላፊው ሰጠሁ። አንዱ ጥያቄ ላይ ቀይ ክብ አድርጎ መለሰልኝ፦

«አዳማ ውስጥ አንድ ቡድን በሰኔ ወር የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ሲወድቅ አየ። መጽሐፋቸው ወደ ሰሜን ይላል። ሪፖርታቸው ላይ ምን ቢጽፉ ይሻላል? ሀ) ሰሜን። ለ) ደቡብ፣ ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከቦታው ጋር። ሐ) ጥያቄውን መዝለል። መ) ጎረቤት ቡድን ያገኘውን።»

«ልጆቹን አታምታታብኝ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚለው ነገር አለው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ከተዛወረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ናቸው። ፈተናው ምርጫ ነው፤ እጅህ ምን እንደሠራ አይጠይቅም። ኬንያ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያው ላይ ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ የተግባር ፈተና አለ፣ ከ40 ይታረማል፤ ስለዚህ ላብራቶሪ ያልከፈተ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ይጎዳል። እኛ ጋ ላብራቶሪ የከፈተ መምህር ነው ጊዜ አባከነ የሚባለው። ይህን ስነግረው «ልክ ነህ፣ ግን ፈተናውን አንተ አታወጣውም» አለኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ቢሆንም ጥያቄውን ደግሞ አነበበው። «መ»ን ሲያይ ሳቀ። «ዩኒቨርሲቲ እያለን ይሄን ነበር የምንሠራው» አለና ክቡን ሰርዞ ፈረመ። ጥያቄው 7ኛ ሆኖ ገብቷል፤ ፈተናው ሐሙስ ነው።